የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ

አርባ ምንጭ ውስጥ ሜዳ መርጦ መሮጥ አስቸጋሪ ነው። ከተማዋ ሁለት ናት፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ። ገበያው፣ ንግዱና የባጃጁ ትርምስ ሲቀላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱና የሐይቆቹ እይታ ደግሞ ሴቻ። ሁለቱን የሚያገናኘው አስፋልት ሲወርዱት ቁልቁለት፣ ሲመለሱበት ዳገት ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ላዞረ ሰው በግራ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ ይታየዋል። ፀሐይ በዚያ በኩል ብቅ ስትል እየሮጠ የነበረ ሰው ቀኑን ሙሉ ማንንም አይቆጣም።

እኔ አትሌት አይደለሁም፤ መምህር ነኝ። ቀኑን በእግሬ ቆሜ ነው የምውለው። ሩጫውን የጀመርኩት ለጤና ነበር፤ እየቆየ ግን ከጸሎት ቀጥሎ የማላስታጉለው ነገር ሆነ። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ዝንጀሮዎቹ ከጫካው ወጥተው አስፋልቱ ዳር ሳይኮለኮሉ ሮጦ መመለስ ነው። ስለዚህ እግሬ ሲታመም የታመመው እግሬ ብቻ አልነበረም። ጠዋቴም አብሮ ታመመ።

ነገሩ የተከሰተው ከዶርዜ ስመለስ ነው። የሥራ ባልደረባዬን እናት ልንጠይቅ ወጥተን ኮጮ በዳጣ በልተን፣ ቡና ጠጥተን ስናበቃ ሌሎቹ በመኪና ሲወርዱ እኔ በሩጫ ልውረድ አልኩ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,285 ሜትር ተነስቶ እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዶርዜ እዚያው መንገድ ላይ ናት። ጉሙ የቀርከሃውን አጥር አልብሶታል። ሕፃናቱ በኮንጎ ጫማ እየሳቁ ይቀድሙኛል፤ ከዚያ ቆመው ይጠብቁኛል። የመጀመሪያዎቹን ጠመዝማዛዎች ስወርድ ሰውነቴ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም ነበር።

ከአንዱ መታጠፊያ በኋላ ከቀኝ ተረከዜ ከፍ ብሎ፣ ጅማቱ ላይ፣ የሚያቃጥል ነገር ተሰማኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ማቃጠሉ ወደ ውጋት ተለወጠ። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ወረደ። የጋሞ ደጋ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። መኪና የለም፤ ስልኬ ኔትወርክ የለውም፤ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ይዞ አልለቅ ብሏል። ከልጆቹ አንዱ «ጋሼ፣ እግርህ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ ሳይጠብቅ ሮጦ ዱላ ይዞልኝ መጣ። በዱላው እየተደገፍኩ ስወርድ ፖም የጫነ አይሱዙ ደረሰ። ጨንቻ የፖም አገር ናት፤ ሾፌሩና ረዳቱ ጆንያዎቹን ገፋ ገፋ አድርገው እግሬን የምዘረጋበት ቦታ ሰጡኝ። «ጋሼ፣ ጅማት ነው፤ የኔም ወንድም በኳስ እንዲህ ሆኖ ነበር» አለኝ ረዳቱ። «አሁንስ ዳነ?» ስለው፣ «ዳነ፤ ግን ቆየ» አለ።

በማግሥቱ ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ መሬት ላይ አላርፍ አለ። ግድግዳ ይዤ ደጅ ድረስ ወጣሁ። የሚገርመው፣ ቁርስ በልቼ ወዲያ ወዲህ ስል ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ረፋዱ ላይ ጭራሽ የተሻለኝ መሰለኝ። ማታ ግን ተመለሰ፤ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ በረታ። የዚህ ጅማት ሕመም ጠባዩ ይኸው ነው። ሲሞቅ ዝም ይላል፣ ሲበርድ ይናገራል። ስንቱ ሯጭ በዚህ ዝምታ ተታሎ ጅማቱን እንደጨረሰ ያወቅኩት ኋላ ነው።

እኛ አገር ታሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም። ሰፈሩ ሁሉ ጠየቀኝ። አንዷ ጎረቤቴ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ፤ ሌላዋ ጨው ያለበት ሙቅ ውኃ አዘዙ፤ የሽፈራው ቅጠል ያልመከረኝ ሰው ግን አልነበረም። ሽፈራው በኛ አካባቢ ምግብም መድኃኒትም ነው፤ እኔም እየበላሁ አመሰገንኩ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ሮጠህ ነው የምታወጣው፤ ሕመም ሲተኙለት ይለምዳል» አለኝ። ይህን ምክር የሰጠኝ በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ብዙ የአገሬ ልጆች ሩጫቸውን ያጡትም እንዲህ በፍቅር በተሰጠ ምክር ነው።

ወደ ወጌሻም ሄድኩ። አረጋዊ ናቸው፤ እጃቸው ስንቱን የወለቀ ትከሻ መልሷል። ተረከዜን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ፤ አንድ ቦታ ላይ ስዘል ቆሙ። ያንኑ ቦታ ደግመው ዳበሱና እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ከቦታው የወጣ ነገር የለም። ባሸው ይብስብሃል። ሐኪም ይየው» አሉኝ። ገንዘብ ስሰጣቸውም «ምን ሠራሁልህ?» ብለው መለሱልኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ የማከብረው ይህን እምቢታ ነው። የሚያውቀውን ያህል የማያውቀውንም ለይቶ የሚናገር ባለሙያ በሽተኛውን ከሁለተኛ ጉዳት ያድነዋል።

ከዚያ ያገኘኋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወጣት ናት። ተረከዝን ከባት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው እንደሆነ ነገረችኝ። ስንሮጥ ከክብደታችን ብዙ እጥፍ ይሸከማል፤ የሚደርሰው ደም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጡንቻ በሳምንታት የሚጠግነውን ጅማት በወራት ነው የሚጠግነው። ቀጥላ የነገረችኝ ግን ያልጠበቅኩትን ነው፤ «ተኝተው አይድኑም፤ ሮጠውም አይድኑም። በልክ እየጫኑት ነው የሚድነው።» የደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች መቆም፤ በሁለቱ እግር ከፍ ማለት፤ ከዚያ በታመመው እግር ብቻ ተረከዙን ከጠርዙ በታች ቀስ አድርጎ ማውረድ። ጉልበትን ቀጥ አድርጎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፤ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት።

ይህ ዘዴ ታሪክ አለው። ሃካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ራሱ ሯጭ ነበር፤ ራሱም ይህንኑ ጅማት ታመመ። እንደሚነገረው፣ ቀዶ ሕክምና ቢጠይቅ አለቃው አልፈቀደለትም። እንግዲያው ጅማቱ ብሶበት የግድ ይቀደድ ብሎ ተረከዙን በሕመም ላይ ደጋግሞ ማውረድ ያዘ። ጅማቱ ግን እየዳነ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር በ15 ሯጮች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ፤ ሁሉም ከ12 ሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞ ሩጫቸው ተመልሰዋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ሰው እንዲህ እንደማይድን አሳይተዋል። ቢሆንም ጅማት የሚጠነክረው በልክ ሲጫን መሆኑ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሕክምናው መሠረት ነው።

እኔም ከቤቴ ደረጃ ጋር ተወዳጀሁ። ጠዋት ጠዋት ልጄ ጎኔ ቆማ ትቆጥርልኛለች። አላፊ አግዳሚው «ይማርህ» እያለ ያልፋል። የሁሉም ምክር በአንድ ተረት ነው የሚያልቀው፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ ግን በደንብ አሰብኩበት። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ቀን ስለቆጠረ አይደለም። ዶሮዋ ታቅፋው ነው፤ በየቀኑ እያገላበጠችው፣ እያሞቀችው፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ትታው እየወጣች ነው። ማንም የማያየው ሥራ አለበት። ትዕግሥት የምንለው ያ ሥራ ነው፤ ሥራ የሌለበት ጥበቃ ጊዜን ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

ሥራው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ለውጥ ባየሁበት ሰሞን የፈተና ጥበቃ ደረሰብኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሜ ዋልኩ። በማግሥቱ እንደገና ግድግዳ ይዤ ወጣሁ። ደውዬ ስነግራት ባለሙያዋ አልደነገጠችም። «ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ከትናንቱ ከባሰ ሥራውን ይቀንሱ፤ ካልባሰ ይቀጥሉ» አለችኝ። በሥራው መሐል መጠነኛ ሕመም ቢኖር ችግር የለውም፤ በማግሥቱ ጠዋት ተከትሎ ከመጣ ነው የበዛው። ሰዓትም ኪሎ ሜትርም የማይለካውን የሚለካ ይህ የጠዋት እርምጃ ነው። እስከ ዛሬ የምመራው በእሱ ነው።

ትንፋሼ እንዳይጠፋ ዋና መከረችኝ። ሁለት ታላላቅ ሐይቆች ባሉበት ከተማ ቀላል ይመስላል፤ ጫሞ ግን የአዞ ገበያ የሚባል ዳርቻ ያለው ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከከተማዋ ሆቴሎች በአንዱ ገንዳ ውስጥ፣ እግሬ ወለሉን ሳይነካ ውኃው ውስጥ ሮጥኩ።

በነዚያ ወራት ብዙ ያነበብኩት ስለ ታመሙ ሯጮች ነው። አበበ ቢቂላ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ እ.ኤ.አ. በ1964 በ2:12:11.2 ማሸነፉን ልጅ አዋቂው ያውቃል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን ያው አበበ በታመመ እግር ጀምሮ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አቆመ፤ ድሉን የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ይዞት ገባ። የመጀመሪያውን ለልጆቻችን እንተርካለን፤ ሁለተኛውን እናልፈዋለን። እኔ ሁለቱንም ብናስተምር ደስ ይለኛል። የቶኪዮው ቆዳና ሥጋ ነበር፤ ተሰፍቶ ዳነ። የሜክሲኮው እግር ነበር፤ እግር ደግሞ ልመና አይሰማም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም ይህንኑ የተረከዝ ጅማት ታሞ ነበር፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት ከ2010 መጀመሪያ አንስቶ ከውድድር ራቀ። በነሐሴ 2011 ዴጉ ላይ ተመልሶ 10,000 ሜትሩን ሳይጨርስ ወጣ። ብዙ ሰው አበቃለት አለ። በመስከረም ብራስልስ ላይ 26:43.16 ሮጠ፤ የዚያ ዓመት ፈጣኑ ሰዓት ነበር። ከሌሎች ብዙ ጉዳቶች በኋላ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ጨረሰ፤ በወቅቱ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። ጥሩነሽ ዲባባም በጉዳት ሁለት የዓለም ሻምፒዮናዎች አምልጠዋት፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመልሳ በ2012 ለንደን ላይ የ10,000 ሜትር ወርቋን አስጠብቃለች። ወርቁን ሁላችንም አይተነዋል። እንደ ሥራ የቆጠሩትን የማገገሚያ ወራት ግን ካሜራ አላያቸውም።

እኔ ወደ ሩጫ የተመለስኩት ከሲቀላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ ነው፤ ትንሽ ሮጬ ትንሽ እየተራመድኩ። ከዳገቱና ከቁልቁለቱ ጋር የተገናኘሁት ከዚያ በብዙ ዘግይቼ ነው። ዛሬ እሮጣለሁ። ደረጃው ላይ መቆሙንም አላቆምኩም፤ ጅማት ሲሻለው ሥራውን ለሚተው ሰው ታማኝ አይሆንም።

አሁን የማስበው ስለ ራሴ አይደለም። የጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ካበቀለችው ከበቆጂ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ አለው። ያን ቀን በኮንጎ ጫማ ቁልቁለቱን እየሳቁ የቀደሙኝ ልጆች ያደጉት እዚያ ነው። ከእነሱ አንዱ ተረከዙን ቢታመም ደመወዝ የለውም፣ ገንዳ የለውም፤ «ሮጠህ አውጣው» የሚለው ግን ሞልቷል። የሚያስፈልገው ሕክምና ደግሞ ማሽን አይፈልግም፤ አንድ የደረጃ ጠርዝ፣ የተማረ አንድ ሰው ምክርና የሚጠብቅለት አሠልጣኝ ይበቃዋል። የስፖርት መምህራንና አሠልጣኞች ሆይ፣ ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት ልጆቹን «ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እውነቱን የነገራችሁን ልጅ ሰነፍ አትበሉት፤ ቡድኑ ውስጥ አቆዩት፣ ሥራውን ቀንሱለት፣ ስሙን ከዝርዝሩ አትፋቁ። ወጌሾቻችንንም ከባለሙያዎቹ ጋር አገናኟቸው፤ ልጁ መጀመሪያ የሚሄደው እነሱ ዘንድ ነውና። ሕመሙን በመጀመሪያው ቀን የሚናገር ልጅ፣ ደብቆ ከሚሮጠው ይልቅ ብዙ ዓመት ይሮጣል።