ባዶዋን አለፈች

ካዛንቺስ ባሕር የላትም፤ ክረምት አስፋልቱ ላይ የሚተኛውን ውኃ ካልቆጠርነው በቀር። የመርከብ ጠበብት ግን ሞልተዋታል። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ በተጎታች ተጭና ከጅቡቲ ወደብ ወደ ጣና መጓዝ በጀመረች ሰሞን፣ እኔ የማዘወትራት ጀበና ቡና ቤት የባሕር ትራንስፖርት ቢሮ ሆና ከረመች። በየቀኑ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ዛሬ የት ደረሰች?» ይላል፤ ስኒ ይቀመጣል፤ ስብሰባው ይከፈታል።

ሊቀ መንበሩ ጋሽ ካፒቴን ናቸው። በወጣትነታቸው ምፅዋ በባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ ማዕረጉን የሰጠናቸው ግን እኛው ነን። ጀልባዋን በቪዲዮ ባዩ ቁጥር ያማቸዋል።

«መርከብ መልህቅ ይጣልላታል እንጂ ታኮ አይገባላትም!»

«ጋሼ፣ ዐፄ ቴዎድሮስስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ በሰው ጉልበት አስጎትተው የለ? ያውም 7 ቶን የሚመዝን ብረት።»

«እሱ መድፍ ነዋ! ተራራ መውጣት የመድፍ ሥራ ነው።»

እውነት ለመናገር፣ የጋሼ ቅሬታ መሠረት አለው። ግሪክ አገር ሰው ፒሬየስ ወደብ ላይ ትኬቱን ቆርጦ ይሳፈርና ከደሴት ደሴት ሲዘል ይውላል፤ መርከቡ መጀመሪያውኑ ባሕር ላይ ነው። የእኛ ባሕር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅሏል። ያም መድረሻው ነው፤ መንገዱ ከዚያ በላይ ደጋውን ወጥቶ ነው የሚወርደው። 38 ሜትር የምትረዝም ጀልባ በየጠመዝማዛው ስትዞር ማየት፣ ቁም ሣጥን በኮንዶሚኒየም ደረጃ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ እንደማየት ነው፤ ተሸካሚው ዝም ሲል ተመልካቹ «ወደ ግራ! ቀስ!» እያለ ያልበዋል።

እኔ በዚህ ስብሰባ የምናገርበት ሥልጣን ነበረኝ፤ በቀድሞዋ የጣና ጀልባ ተሳፍሬያለሁ። ያኔ እሁድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነስታ፣ ዘጌና ደቅ ደሴት ደርሳ፣ ቆንዝላ አድራ፣ በማግስቱ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ጉማሬ አያለሁ ብዬ ዳር ወንበር ይዤ፣ ጉዞውን የጨረስኩት በጌሾ ጆንያና እግሯ በታሰረ ዶሮ መካከል ነው። ዶሮዋ በየፌርማታው ቀና ብላ ታየኝ ነበር፤ ወራጅ መሆኔን የምትጠይቅ ይመስላል። አጠገቤ የነበሩ እናት ጣና ቂርቆስን ለመሳለም ስለት ነበረባቸው። እኔም ከቂርቆስ ነው የመጣሁት ስላቸው ተነስተው ሊስሙኝ ምንም አልቀራቸው። የአዲስ አበባው መሆኑን ሲሰሙ ወደ ዳቦ ቆሏቸው ተመለሱ። አልፈርድባቸውም። በትውፊቱ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 600 ዓመት ያረፈችው በእሳቸው ቂርቆስ ነው፤ በእኛ ቂርቆስ ስድስት ዓመት አንድ ቤት የተከራየ ሰው ይደነቃል።

እስከዚህ ድረስ የቡናዋ ባለቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ፍሙን እያራገበች፣ «ስንት ሰው ትይዛለች?» አለች።

«188» አለ ባለስልኩ።

«አሁን ውስጧ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል፣ ባዶዋን ናት እንጂ።»

ማራገቢያዋ ቆመ። በዚያው ዓመት ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ፣ ግማሹ ሰፈር ጓዙን ጭኖ ገላን ጉራ ገብቷል። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የአርባ ዓመት ጎረቤት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ለቅሶ ለመድረስ ማለዳ ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ መገተር ነው፤ እሷም ትናንት የመጣችው ከዚያው ሰልፍ ነው።

«188 ወንበር ባዶውን በአስፋልት ይሄዳል? እኛ ተሰልፈን?»

ጋሽ ካፒቴን መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው በቁም ነገር አሰቡበት። ረዳት ያስፈልጋል አሉ፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ገላን! ገላን!» የሚል። ቆመው የሚሄዱም ይፈቀድላቸው፣ አስፋልት ላይ መስጠም የለም።

«በረዳት ከሆነማ 188ቱ 300 ይሆናሉ» አለ ባለስልኩ።

«ጠጋ ጠጋ ካሉ ምን አለበት!» አለች ሦስተኛውን እየቀዳች። «ብቻ መልሱን ቀድሞ ይስጥ።»