ሻምፓኝ ለሚያስረዳኝ

እ.ኤ.አ. በ1993 የእንግሊዙ የሳይንስ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ዋልድግሬቭ ለአገራቸው የፊዚክስ ሊቃውንት እቅጩን ነገሯቸው፦ ሂግስ ቦዞን የምትሉት ነገር አልገባኝም፤ በአንድ ገጽ ላስረዳኝ ሻምፓኝ እሸልማለሁ። ጥያቄው የጉጉት ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ ጄኔቭ አጠገብ ላለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ለሰርን፣ በየዓመቱ ታዋጣለች፤ በዚያ ላይ ያኔ አዲስ ማሽን ይሠራ እየተባለ ነበር። ገንዘብ ከፋይ «ለምኑ ነው?» ቢል ነውር የለበትም።

ጭንቁ የመላሾቹ ነበር፤ የሚያስረዱት ይህን ነው፦ ህዋውን ሁሉ የሞላ፣ የማይታይ፣ የሂግስ መስክ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ኤሌክትሮን ያሉ መሠረታዊ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚያገኙት ከዚህ መስክ ጋር ስለሚነካኩ ነው፤ ቦዞኑ ደግሞ የመስኩ የራሱ ንዝረት ነው። አንባቢ እስከዚህ ራሱን እየነቀነቀ መጥቶ ይሆናል። መምህራን ክፉኛ የሚፈሩትም ይህንኑ ነው፤ የገባውም፣ ያልገባውም፣ ምሳ የናፈቀውም እኩል ይነቀንቃልና።

አምስት ሰዎች አሸነፉ። ከሁሉ በላይ ሲነገርለት የኖረው የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዴቪድ ሚለር ጽሑፍ ነው። ሚለር ብልጥ ነው፤ ሚኒስትሩ ጠንቅቀው የሚያውቁትን ቦታ፣ የፓርቲ ግብዣ መረጠ። አባላቱ አዳራሹን እኩል ሞልተው፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል። የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ይገባሉ። አጠገባቸው ያለው ሁሉ ከበብ ያደርጋቸዋል፤ አለፍ ሲሉ የፊተኛው ይጠጋል፣ የኋለኛው ወደ ጨዋታው ይመለሳል። እንዲህ ታጅቦ የሚሄድን ሰው ማስቆም ከባድ ነው፤ ከቆመም በኋላ ማስነሳት ከባድ ነው። መጠነ ቁስ ማለት ይኸው ነው። ማንም የማያውቀው ምስኪን ቢገባ ግን ሰተት ብሎ ያልፋል፤ መጠነ ቁስ የሌለው ብርሃን እንደዚያ ነው።

ሚለር በዚህ አላበቃም። ሴትዮዋን ትቶ በር ላይ አንድ ወሬ ለቀቀ። ወሬውን ለመስማት ተጠጋግተው ይንሾካሾካሉ፤ የሰሙት ለሚቀጥሉት ያቀብላሉ፤ ማንም ሳይገባ አንድ እጀባ አዳራሹን ያቋርጣል። ሂግስ ቦዞን ያ ባለቤት የሌለው እጀባ ነው። ወሬ ክብደት እንዳለው ለፖለቲከኛ ማስረዳት ደግሞ አያስፈልግም።

ምሳሌው ግን ያነክሳል። እጀባ ሰውን ያጓትታል፤ የሂግስ መስክ ማንንም አያጓትትም፤ ኤሌክትሮን በባዶ ህዋ ፍጥነቱን እንደያዘ ይነጉዳል። ሰሚው ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደው ግን መጓተቱን ነው፤ ከእሱም ጋር ታቸርን።

የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን እንዲህ ያለውን ምሳሌ እምቢ ይል ነበር። በ1983 በቢቢሲ በተላለፈ ፕሮግራም፣ ሁለት ማግኔቶች ሲገፋፉ መሀላቸው ያለው ምንድን ነው ተብሎ ተጠየቀ። በላስቲክ ብመስልልህ አታለልኩህ አለ፤ ላስቲክስ ለምን ይሳባል ብትል መልሱ ዞሮ ዞሮ ያው ኤሌክትሪካዊ ኃይል ነው። ጠያቂው ፋይንማን ስላነሳቸው፣ በረዶ አንሸራቷቸው ሆስፒታል ስለገቡ አክስት ሲሰማ ቆይቶ፣ የማግኔቱ ነገር እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፋይንማን ኖቤሉን በ1965 ስለወሰደ ያምርበታል። በጀት ለማኝ እንዲህ ቢመልስ ግን ጉድ ይፈላል።

በጀቱም ቀልድ አያውቅም። በዚያው በ1993 የአሜሪካ ኮንግረስ ቴክሳስ ውስጥ ይሠራ የነበረውን ግዙፍ የቅንጣት ማፋጠኛ ሰረዘው፤ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ ከተቆፈረ በኋላ። ዋናው ምክንያት የወጪው መናር ነው፤ «ለምን ይጠቅማል?» ለሚለው አጭር መልስ መጥፋቱም አላገዘም።

ሰርን ግን ባለ 27 ኪሎ ሜትር ቀለበት ማፋጠኛውን ሠራ፣ ጁላይ 4 ቀን 2012ም ቅንጣቱን አገኘሁ አለ። ወሬው ተዛመተ፤ «ክብደታችንን የሚሰጠን» ተባለለት። ይህም ያነክሳል። 70 ኪሎ ከሚመዝን ሰው የሂግስ ድርሻ በግምት 1 በመቶ ነው፣ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የቀረው ከሞላ ጎደል በፕሮቶንና በኒውትሮን ውስጥ ያሉት፣ ኳርክና ግሉኦን የሚባሉት ቅንጣቶች ጉልበት ነው። ቀበቶው የጠበበው ሰው ክሱን በእነሱ ላይ ያቅርብ።