ለገንዳ ሣር የሚሆን መድኃኒት

ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ሆቴል መግቢያ ላይ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ሣሩ ቢጫ ሆኗል፤ ቅጠሉም እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። አዋቂ ነን ባዮች «ፖታሽየም አንሶት ነው፣ ብረት ጨምሩለት፣ መብራቱን አስተካክሉ» ይላሉ። ምን አለፋቸው? ጣና እኮ ቅርብ ነው! እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረም፣ መብራት የገዛለት የለም። የማንኩሳ ገበሬ ዩሪያ ፍለጋ ወረፋ ላይ ሲውል፣ እምቦጩ ከየማሳው ታጥቦ የመጣለትን ከከተማ ፍሳሽ ጋር እያጣጣመ ሰፋ፤ ሊያጠፉት ሲዘምቱበትም ባሰበት።

ስለዚህ ጋሼ ባለ ሆቴል፣ መጀመሪያ ሣሩን ለማጥፋት ይወስኑ። ኮሚቴ ይቋቋም፤ አውደ ጥናት ይጠራ፤ ማጨጃ ማሽን ይገዛና መለዋወጫ እስኪመጣለት ዳር ይቁም። የዘመቻው ባነር ሳይወርድ ሣሩ ከገንዳው ተርፎ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።