ስለ ወጣ ክንድ የወጣ አዋጅ

በተሽከርካሪ ውስጥ ሕፃናትን ከነፋስ ለመጠበቅና ጭስን ለማስተናገድ የወጣ

ሲጋራ የያዘ የሾፌር ክንድ ከመስኮት ብቅ ካለ ሲጋራው ታክሲው ውስጥ እንዳልተጨሰ በመላው አዲስ አበባ የታመነበት በመሆኑ፤

ጭሱ ግን ይህን ስምምነት ባለማወቅ በፊተኛው መስኮት ወጥቶ በኋለኛው እየተመለሰ ስላስቸገረ፤

የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በተሳፈረበት የግል መኪና ውስጥ ማጨስን ከልክሎ፣ «መስኮት ከፍቼ ነበር» ማለት አያድንም ብሎ፣ ጣራው ሙሉ በሙሉ የታጠፈ መኪናን ግን ነፃ ያደረገ በመሆኑ፤ እኛም ጣራው የሚታጠፍ ሚኒባስ ባይኖረንም ክንዱ የሚታጠፍ ሾፌር ስላለን፤

የሚከተለው ታውጇል፦

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የክንድ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. የተፈጻሚነት ወሰን

በታክሲ፣ በትምህርት ቤት ሰርቪስ እና አባት በሚነዳው የቤት መኪና ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ባጃጅ በር ስለሌለው የራሱን አዋጅ ይጠብቅ።

አንቀጽ 3. ስለ ክንድ

1) የግራ ክርኑን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ሲጋራውን ወደ ውጭ የያዘ ሾፌር አላጨሰም።

2) የንዑስ አንቀጽ (1) ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሾፌሩ ለመሳብ ክንዱን ወደ አፉ የሚመልስባት ቅጽበት ከመኪናው ውጭ እንደዋለች ትቆጠራለች። ሆኖም፦

ሀ) ሁለት ጊዜ አከታትሎ ከሳበ፣ መንገዱ ተዘጋግቶበት ነው ተብሎ ይገመታል፤

ለ) ከወያላው ሒሳብ ለመቀበል ሲጋራውን ወደ ቀኝ እጁ ካዛወረው፣ ሲጋራው ለዚያን ጊዜ ትራንዚት ላይ ያለ ዕቃ ስለሆነ አገር ውስጥ እንደገባ አይቆጠርም፤

ሐ) ማርሽ በሚቀይርበት ጊዜ መሪውን በጉልበቱ ከያዘ፣ ጉልበትን የሚመለከት ድንጋጌ በዚህ አዋጅ ውስጥ ስለሌለ ይታለፋል፤

መ) ሁለቱም እጆች መሪው ላይ፣ ሲጋራው ደግሞ ከንፈሩ ላይ በተገኙ ጊዜ፣ ክንዱ የመውጣት ሐሳብ ነበረው ወይ ተብሎ ይጣራል። ሐሳቡ ከነበረው ወጥቷል።

3) ሾፌሩ ጭሱን ሲተፋ አንገቱን ወደ ግራ ማዞሩ የቅን ልቦናው በቂ ማስረጃ ነው። ጭሱ ከዚያ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ ወንበር ቢመለስ ኃላፊነቱ የጭሱ ነው።

4) ሕፃን በተሳፈረበት ታክሲ ከሾፌሩ በቀር መስኮት የሚከፍት ሰው ጨካኝ ነው። ነፋስ ሕፃን ይመታልና። ስለዚህ፦

ሀ) «ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት!» ብለው የጮኹ እናት ይመሰገናሉ። የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ልጅቱን አልብሰዋታል፣ እግዜር ይስጥልን። መስኮቱም ተዘግቷል። የሾፌሩ መስኮት ብቻ ቀረ፣ ክንድ ስላለበት።

ለ) ልጇ አስም እንዳለባት የተናገረች እናት ሾፌሩ «እህቴ፣ እጄ ውጭ ነው እኮ!» ካላት ጉዳዩ ተዘግቷል። ከቀጠለች ወያላው «ካልተመቸሽ ኮንትራት ያዢ» ይላታል። በዚህ ውሳኔ ላይ ይግባኝ አይባልም።

ሐ) በምን ደመወዜ ነው ኮንትራት የምይዘው? ይህ ፊደል ተራ አዋጁ ውስጥ መግባት አልነበረበትም፤ ገብቷል፣ አይወጣም። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው የምትተነፍሰው፤ የአየር ቧንቧዋም ጠባብ ነው። የሲጋራ ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉበት፣ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁት ብቻ ወደ 70 ይጠጋሉ፤ አንዳቸውም ክርን የት እንዳረፈ አይጠይቁም። እኔ ቬንቶሊኗን ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር አሥራ ምናምን ሰው ዝም ብሎ ያያል። ሾፌሩም በመስታወቱ አየኝ። አየኝና፣ አዝኖ መሰለኝ፣ የቴፑን ድምፅ ቀነሰ። የቴፑን!

መ) ወደ ሥርዓታችን እንመለስ። የሙዚቃ ድምፅ መቀነስ ሲጋራ እንደማጥፋት ይቆጠራል።

ሠ) ከፊደል ተራ (መ) የሚገኘው ጥቅም እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሾፌሩ «እኔም ልጆች አሉኝ» ካለ አንድ ተጨማሪ ሲጋራ ይፈቀድለታል።

አንቀጽ 4. ስለ ዕድሜ

የደቡብ አፍሪካ ሕግ በመኪና ውስጥ የሚጠብቀው ከ12 ዓመት በታች የሆኑትን ነው፣ የእንግሊዝ ደግሞ ከ18 በታች የሆኑትን። በእኛ አገር ሲጋራ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ከሾፌር ኋላ ተቀምጦ ለመሳብ ግን የዕድሜ ገደብ የለም፤ መታቀፍም ይቻላል።

አንቀጽ 5. ቅጣት

እንግሊዝ አገር ቅጣቱ 50 ፓውንድ ሲሆን፣ አጫሹም ሲጋራውን እያየ ዝም ያለው ሾፌርም ይቀጣሉ። እዚህ ትርፍ የጫነ ይቀጣል። ጭስ ወንበር ስለማይዝ ትርፍ አይደለም።

አንቀጽ 6. ደንብ የማውጣት ሥልጣን

ይወጣል።

አንቀጽ 7. ስለ ተሻሩ ሕጎች

1) የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክል፣ ስለ ክንድም ምንም ስለማይል፣ ከዚህ አዋጅ ጋር በግልጽ ይቃረናል።

2) ያው አዋጅ ከሕዝብ መገልገያ ስፍራ በር ወይም ከሚከፈት መስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስንም ይከለክላል። በዚህ ስሌት ታክሲ ውስጥ ማጨስ የሚፈልግ ሾፌር ክንዱ ከ10 ሜትር በላይ መርዘም ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ክንድ ቢገኝ እንኳ ጫፉ ከጎን ባለው አውቶቡስ መስኮት ገብቶ ሌላ ሕፃን አጠገብ ያርፋል።

3) ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ለመሻር ታስቦ ነበር። አልተሻረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ዛሬም የጸና ነው፤ ወያላው «ኮንትራት ያዢ» ባለኝ ቀንም የጸና ነበር። ያን ዕለት በየማዞሪያው ትራፊክ ፖሊስ ነበር፤ አንዱ አስቁሞን የሰው ቁጥር ካጣራ በኋላ፣ ሲጋራ በያዘው ክንድ አጠገብ ጎንበስ ብሎ መንጃ ፈቃድ አይቶ አሳልፎናል።

አንቀጽ 8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

የክንድ አዋጅ ማንም ሳያውጀው ጸንቶ ስለቆየ ቀን መቁረጥ አላስፈለገም።

ወንድሜ ሾፌር፣ የቀረው ላንተ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ ብዙ ጊዜ አለህ፤ ሰው ሳትጭን ወርደህ፣ ራቅ ብለህ አጭስ፣ የሚናገርህ የለም። ልጅ ከጫንክ ግን ክንድህን አስገባና ሲጋራውን አጥፋው።