ላም አለህ?

ከጉራጌ አገር የመጣ ሰው ሁሉ በክትፎ ያደገ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ። አገና ተወልጄ ማደጌን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም አይለወጥም፤ «በል እንግዲህ፣ ደህና ክትፎ ቤት ጠቁመን!» መርካቶ ሱቅ ያለኝ የሚመስላቸውም አይጠፉም። እኔ ደመወዝተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሱቅ የለኝም፤ ክትፎ ቤት የከፈተ ዘመድም የለኝም፤ ቢኖረኝም የሚቀንስልኝ አይመስለኝም።

እኛ ቤት ክትፎ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ የክብር እንግዳ ነበር። መስቀል ሲደርስ ይመጣል፣ ሁላችንም እንሽቆጠቆጥለታለን፣ ከዚያ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ አብሮን የሚኖረው ቆጮ ነው። ጠዋት ቆጮ በጎመን፤ ማታ ቆጮ በአይብ፤ አይብ ሲያልቅ ቆጮ በሚጥሚጣ፤ ሚጥሚጣውም ሲያልቅ ቆጮ በቡና። ዊሊያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እኛ ዘንድ ተቀምጦ አጥንቶን ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመውን መጽሐፍ «ጉራጌ፦ የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ነው የሰየመው። ርዕሱ ላይ ክትፎ የለችም። ሰውየው በልቶ አልረሳትም ይሆናል፣ ግን ጎተራችን ምን እንደሆነ ገብቶታል።

ያን ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ «አንድ ቀን ቆጮ ይናፍቅሃል» ያለኝ ሰው ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር። የሚናፍቀኝ ዳቦ ነበር። ሰው ከወልቂጤ ሲመለስ በወረቀት ጠቅልሎ የሚያመጣው ነጭ የከተማ ዳቦ። አሁን ዳቦ ቤት ከኮንዶሚኒየማችን ሥር አለ፣ ሽታው ጠዋት ጠዋት በደረጃው እየወጣ ይቀሰቅሰኛል፤ እኔ ደግሞ ጋደም ብዬ ስለ ቆጮ አስባለሁ።

ባለቤቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። የእሷ ናፍቆት ጨዋ ነው። እናቷ ሽሮውን አስፈጭተው፣ በርበሬውን አዘጋጅተው፣ በከረጢት አስረው በአውቶቡስ ይልኩላታል። ሽሮው መደርደሪያ ላይ ይወጣና ተራውን ይጠብቃል። አይሸትም፣ አይንጠባጠብም፣ ጎረቤት አይጠይቅም። ሲከፋት ውኃ ትጥዳለች፣ ሽሮውን ትበትናለች፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደብረ ማርቆስ ደርሳ ትመለሳለች።

የእኔ ናፍቆት ገና ከበር ሳይገባ ራሱን ያስተዋውቃል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመትና ከዚያ በላይ የከረመ ሊጥ ነው፤ ባሕርዩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከወልቂጤ አዲስ አበባ መንገዱ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አውቶቡሱ ደግሞ መስኮቱ የተዘጋ። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁለት ነው፦ ቆጮ የያዘና ቆጮ ያልያዘ። ያልያዘው «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ይላል። የያዘው «ነፋስ ይመታናል!» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መስመር የያዘው ወገን ተሸንፎ አያውቅም።

እቤት ስደርስ ግን ድምፄ አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰች ዕለት ለረጅም ጊዜ አላምጣ፣ ከጥርሷ መካከል አንድ ቀጭን ጭረት ስባ አወጣችና ወደ ብርሃኑ አነሳችው። «ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የሚሰፋበት?» አለችኝ። ከእንሰት ቃጫ እንደሚወጣና ገመድም ጆንያም እንደሚሠራበት ነገርኳት። መንገሬ ጉዳዩን አልረዳውም።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ የማቀዝቀዣ ሆነ። የሷ ክስ፣ ቅቤውና ወተቱ ሁሉ አገና አገና ይላል የሚል ነው። እኔ የኮሪያን ሕዝብ ጠበቃ አድርጌ አቆምኩ። ኮሪያውያን ኪምቺ የሚሉት በጨውና በበርበሬ የከረመ ጎመን አላቸው፤ እነሱም እንደኛ መሬት ውስጥ ነበር የሚቀብሩት። ዛሬ ለብቻው ማቀዝቀዣ ሠርተውለታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያዋ ጠፈርተኛቸው ዪ ሶዮን ወደ ሰማይ ስትወጣም ሳይንቲስቶቻቸው ዓመታት ደክመው ሽታው የተቀነሰ ኪምቺ አስይዘዋታል። «እኔ ጠፈር አልጠየቅኩም» አልኳት፤ «የታችኛውን መሳቢያ ነው።» መሳቢያውን አገኘሁ። ቅጣቱ፣ መሳቢያውን የማጥበው እኔ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። እሱ ዘንድ ክትፎ ችግር አይደለም። ቀዩ ሥጋ አለ፣ ሚጥሚጣው አለ፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤም ይገኛል። የጠፋው ቆጮ ነው። ስለዚህ ክትፎውን በእንጀራ ይበላል። ይህን ለአክስቴ አልነገርናትም፤ የደም ግፊት አለባት። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ቆጮ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደራርቦ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሿ አወጣችውና «ምንድን ነው?» አለችው። «ዳቦ» አላት። ጫን ብላ አየችው፤ ተለጠጠ። «መቼ ነው የተጋገረ?» «ትናንት።» ይህን ጊዜ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ ግን እውነተኛ ልጅ ነው፤ «ሊጡ ያምናው ነው» ብሎ ጨመረላት። ሴትዮዋ አሽትታ ለባልደረባዋ ሰጠች፣ ያም አሽትቶ ለሦስተኛ ሰው አቀበለ። በመጨረሻ አለፈ ወይስ ቀረ ስንለው ወሬ ይለውጣል።

እንዲህ ከምንዋረድ እዚሁ ለምን አልሠራውም ብዬ፣ አንድ እሑድ አገና ደወልኩ። እናቴን አዶት ነው የምንላት።

«አዶት፣ ቆጮ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ምን ልትሆን?»

«እዚህ ልሞክረው ብዬ።»

ትንሽ አሰበች። «መጀመሪያ እንሰቱን ትተክላለህ» አለችኝ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ትነቅልና ሌላ ቦታ ትተክለዋለህ።»

«ከዚያስ?»

«አሁንም ትነቅልና ሰፋ አድርገህ ሌላ ቦታ ትተክለዋለህ።»

«የሚበላው መቼ ነው?»

«ምን ያስቸኩልሃል? አምስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት። ላም አለህ?»

«ኮንዶሚኒየም እኮ ነው የምኖረው።»

«ታዲያ ፍጉን ከየት ልታመጣ ነው?»

የላሟን ጉዳይ ለጊዜው እንተወውና ሲደርስ ምን አደርጋለሁ አልኳት። «ሲደርስማ» አለች፣ «አንተን አያገባህም። ሴቶች ይጠሩለታል።»

ልክ ናት። በእኛ አገር መቆፈር፣ መትከልና አዛውሮ መትከል የወንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሴት። ሴቶቹ ይሰባሰባሉ። አንዷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን አንሥታ፣ የእንሰቱን ግንድ ልጥ በተረከዟ ጣውላው ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል ትፍቃለች። ሌላዋ ከመሬት የወጣውን ሥሩን ትከተክታለች። የሚጨመቀው ውኃ ሲረጋ ከታች የሚቀረው ነጩ ቡላ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘኝ በቅቤ ገንፎ ሆኖ ካልቀረበልኝ የማልድነው እሱ ነው። የቀረው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይብላላል። ሲወጣ ደግሞ እንደገና መጭመቅ፣ ጭረቱን በቢላዋ ደጋግሞ መክተፍ፣ በቅጠል መካከል አድርጎ ምጣድ ላይ መጋገር አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወንዱ የት ነው? መርካቶ ነው።

ቀልዴን አይደለም። እንሰት እንደ ጤፍ የአጨዳ ወር ቆርጦ አይጠራህም፤ ከደረሰ ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲያስፈልግ ይጣላል። ጠባብ መሬት ላይ ብዙ አፍ ይመግባል። ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። የወንዱ ድርሻ ተክሎ ማዛወር ብቻ ስለሆነ፣ ያን ከጨረሰ «ደህና ሁኑ» ብሎ አዲስ አበባ ቢገባ፣ ሊስትሮ ቢሆን፣ ሱቅ ቢጠብቅ፣ ቤቱ ጾሙን አያድርም። የጉራጌ ወንድ ታታሪነቱ እየተወራለት አገር ለአገር ሲዞር የኖረው ጓሮው ውስጥ ይህ ዛፍ መሳይ ነገር ቆሞለት፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሚስቱና እናቱ ተቀምጠው እየፋቁለት ነው። እኔም በዚሁ ነው የወጣሁት። ያስወጣኝም ቆጮ፣ የሚያስናፍቀኝም ቆጮ። ታናሽ እህቴ ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቷታል፤ ጉብርዬ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ቢሮ ገባችና «እናንተ የምትናፍቁትን እኔ አልፍቅም» አለች። የሚፈርድባት ካለ ይምጣና መፋቂያውን ይያዝ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እንሰት በሰፊው ቢተከል ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሕዝብ መመገብ ይችላል የሚል ጥናት አወጡ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«ማን ሊፍቀው ነው?» አለች።

ጥናቱ ውስጥ ፈለግኩት። አጣሁት።

መስቀል ሲደርስ ይህ ሁሉ ክርክር ይቆማል። አውቶቡስ ተራ በእኛ ሰው ይሞላል፣ አገር ቤት የማይገባ ጉራጌ ሰው አይባልም። መስከረም 14 የጎመን ክትፎ ነው፤ ጎመን ደቆ፣ በአይብና ዓመቱን ሙሉ በተጠራቀመ ቅቤ ተለውሶ ይቀርባል። በ15 በሬው ይታረዳል። ሥጋው በቢላዋ ነው የሚደቀው፤ የከተማ ወፍጮ የነካውን ክትፎ እናቴ በሩቅ ታውቀዋለች። በታጠፈ የእንሰት ቅጠል እየዛቁ፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር። ወዳጆቼ የሚያስቡት ጉራጌነት ይህ ነው፤ እኔም በእነዚያ ቀናት አልቃወማቸውም። ባለቤቴም ሳትቀር ቆጮ ጠይቃ ስትደግም አይቻታለሁ። ጭረቱን ወደ ብርሃን ያነሳችበትን ዕለት ማንም አላስታወሳት።

ባለፈው ስንመለስ እናቴ ከቆጮው ጥቅል ጎን ሥሩ በጆንያ የታሰረ አንድ የእንሰት ችግኝ አስቀመጠችልን። «ጠይቀኸኝ የለ?» አለችኝ። ያንን ይዘን አራተኛ ፎቅ ወጣን፤ የጄሪካን አፍ ቆርጠን በረንዳው ላይ ተከልነው። ፍግ አላጣንም፤ አበባ ሻጮች በማዳበሪያ ይሸጡታል፤ ዋጋውን ለእናቴ አልነገርኳትም። ጎረቤቶቻችን ሙዝ መስሏቸው «ሲያፈራ እንዳትረሱን» ይሉናል። የሚገርመው፣ ውኃ የምታጠጣው ባለቤቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በጨርቅ ትጠርግለታለች፤ እኔን ከመሥሪያ ቤት ስመለስ እንዲህ አታየኝም።

ሰሞኑን አዲስ ቅጠል ጥቅልሉን ሲፈታ አየችና «ለመሆኑ እስከ ምን ድረስ ያድጋል?» አለችኝ።

«ከተመቸው እስከ ስድስት ሜትር።»

ቀና ብላ የበረንዳውን ጣሪያ ለካችው።

«አምስተኛ ፎቅ ያሉትን ሰዎች» አለች፣ «ከአሁኑ እንንገራቸው ወይስ ሲደርስ?»