ሸቤ በኅዳር

በኅዳር ወር ሸቤን ያላየ ሰው ቀይ ቀለም አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋና ሚዛን በሚዘልቀው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ ወደ ሸቤ ሲቃረብ ግራ ቀኙ ቡና ይሆንበታል። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው ከላይ ጥላውን ይዘረጋል፤ ከሥሩ ቡናው ፍሬው ከብዶት ቅርንጫፉን ወደ መሬት አዘንብሏል። መንገዱ ሲሠራ የተቆረሰው አፈር ቀይ ነው። በየደጁ የተሰጣው እሸት ቡና ቀይ ነው። ማዶ ያለው ኮረብታ ከአናቱ ጥቁር አረንጓዴ ጫካ፣ ከወገቡ የደረሰ ጤፍ፣ ከግርጌው የታጨደ በቆሎ ለብሶ ይታያል።

አባቴ በጅማ መስመር ሹፌር ስለነበር የሸቤን ስም የሰማሁት ገና በልጅነቴ ነው። ሰቃ፣ ሸቤ፣ ጎጀብ፣ ጊምቦ፣ ቦንጋ እያለ የመንገዱን ከተሞች በቃሉ ሲጠራ እንደ መዝሙር ሸምድጃቸዋለሁ። ወርጄ እንዳያት ያደረገችኝ ግን ውጭ አገር የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት። ለዕረፍት መጥታ እኛ ቤት ቡና ስንጠጣ ፔሩ የተነሣችውን ፎቶ በስልኳ አሳየችን። ቪኒኩንካ የሚባል ተራራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ5,000 ሜትር ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው የማዕድን ዓይነት ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ እያደረገ በመደዳ ቀብቶታል። ጎብኚዎቹ ኩስኮ ከሚባለው ከተማ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ይነሣሉ፤ አልፓካ የሚያረቡትን የኬችዋ ሰዎች መንደሮች አልፈው፣ የመግቢያውን ገንዘብ ለመንደሩ ሰዎች ከፍለው፣ በእግር ወይም በፈረስ ይወጣሉ፤ ማታ ኩስኮ ይመለሳሉ።

«አጎቴ፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ የቀን ጉዞ የለም?» አለችኝ።

«እንዴት ይጠፋል!» አልኳት። የአባቴ የከተሞች ዝርዝር ትዝ አለኝ።

ጅማ ገብተን የቀን ጉብኝት የሚያዘጋጅ ሰው አፈላልገን አገኘን። ዋጋው ሚኒባሱን፣ ምሳውንና አስጎብኚውን አንድ ላይ የያዘ ነበር። ፕሮግራሙም በወረቀት ተጽፎ ተሰጠን፦ ጠዋት ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ የበለጤ ጫካ፣ ቀትር ላይ ሸቤ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ የቡና ገበሬዎች መንደር፣ ከመምሸቱ በፊት ጅማ።

ጅሬን ላይ ነገሩ ሁሉ አማረ። አስጎብኚያችን ጨዋ ወጣት ነው፤ ታሪኩንም አሳምሮ ያውቃል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዴት እንዳቆዩ፣ ከኮረብታው ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያም ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሲራራ ነጋዴ እንዴት ይሰበስብ እንደነበር ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ተረከልን። የእህቴ ልጅ የእንጨቱን ሥራ በእጇ እየዳሰሰች ከቤቱ አልወጣም አለች። የጅማ ሰው ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣበትን እጅ እዚያ ቤት መወጣጫና ምሰሶ ላይ ታየዋለህ።

ሰቃ ሳንደርስ የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ክሪኩን አወጣ፤ ቀጥሎ መጠባበቂያውን ጎማ አወረደ፤ እሱም አየር አልነበረውም። ሁለቱን ጎማዎች ባጃጅ ላይ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ሰቃ ሄደ። እኛ መንገድ ዳር ቁጭ አልን። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ቡና የጫነ አይሱዙ፣ ሸንኮራ የተሸከሙ ልጆች፣ በፈረስ የተቀመጡ ሽማግሌ ተራ በተራ አለፉ። ሽማግሌው «አካም ጅርቱ?» ብለው ቆሙ፤ የገጠመንን ሲሰሙ እንደ ራሳቸው ጉዳይ አዘኑና ወደ ሰማዩ አዩ። «ዛሬ እንኳን ቶሎ ብትገቡ ይሻላል» አሉን። ሰማዩ ላይ ጭረት ደመና አልነበረም።

በለጤ ጫካ ስንገባ በፕሮግራሙ ሸቤ ምሳ ልንበላ የታሰበበት ሰዓት ደርሶ ነበር። በለጤ ከጎረቤቱ ጌራ ጋር ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን ደን ነው። ከመኪናው እንደወረድን የአየሩ ጠረን ተለወጠ። ጉሬዛዎች ነጭ ፀጉራቸውን እያርገፈገፉ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። የእህቴ ልጅ ጥያቄዋን ማዥጎድጎድ ጀመረች፦ ይህ ምን ዛፍ ነው? ላዩ ላይ የተሰቀለው ምንድን ነው? እዚህ ውስጥ ያለው ቡና የማን ነው? አስጎብኚያችን ዝም አለ። ስለ ንጉሡ ቤት እንጂ ስለ ጫካው ያስተማረው የለም።

የመለሰልን በእግሩ ከጫካው የወጣ፣ ገጀራ በወገቡ የሻጠ የሸቤ ልጅ ነው። «ይሄ ገተም ነው፤ ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ነው የሚያድገው። ነጩ ማር ከሱ አበባ ነው» አለ። ላዩ የተሰቀለው ከሐረግና ከቅርፊት የተሠራ ቀፎ ነው። ቡናውስ? በኦሮምኛ ምኅጻሩ ወቡብ የሚባለው የደን አስተዳደር ማኅበር አባላት ነው። እሱም አባል ነው፤ የዚያን ዕለት የጥበቃ ተራው ነበር።

ማኅበሩ እንዴት እንደተጀመረ እየሄድን አወጋን። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦሮሚያ ክልል ከጃፓኑ የትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር ሆኖ በጫካው ዳር የሚኖሩትን ገበሬዎች በማኅበር አደራጀ። ስምምነቱ ግልጽ ነው፦ ጫካውን ትጠብቃላችሁ፣ ዛፍ አትቆርጡም፣ በጥላው ሥር የበቀለውን ቡና ትለቅማላችሁ፣ ማሩን ትቆርጣላችሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የጫካ ቡናቸው የሬይንፎረስት አሊያንስን ምስክር ወረቀት አገኘ። ልጁ ይህን ሲነግረን አንዲት የበሰለች ፍሬ ቆርጦ በጣቱ ጨመቃት። ቀዩ ልጣጭ ተሰነጠቀ፤ ሁለት ነጫጭ ፍሬዎች ፊት ለፊት ተገጥመው፣ በሚያንሸራትት ልጋግ ተለውሰው ወጡ። «ቅመሷት» አለን። እንደ ማር ጣፈጠች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሪያችን እሱ ሆነ፤ አስጎብኚያችንም እንደኛ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ።

ሸቤ ምሳ በልተን ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ መንደሩ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ገባን። ኮረብታው ወገብ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ሳያስገመግም መጣ። በጅማ አካባቢ ዝናብ ወር አይመርጥም፤ በኅዳር ሲመጣ ግን የገበሬውን የዓመት ድካም ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚያገኘው። ቀዩ አፈር ወዲያው ሳሙና ሆነ። ሚኒባሱ ተንሸራቶ የኋላ እግሩ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ይሰምጣል። እኛ ወርደን ጭቃው ውስጥ ቆመን ሳለን ከላይ ከመንደሩ «ቦካ! ቦካ!» (ዝናብ! ዝናብ!) የሚል ጩኸት ተሰማ። መሪያችን መኪናውን ትቶ ሮጠ። እኛም ተከትለነው ሮጥን።

መንደሩ ደጅ ከእንጨትና ከሽቦ የተሠሩ፣ ወገብ የሚደርሱ ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል። በየአልጋው ላይ ቡና አለ። ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ልጆቹ ሁሉ ወጥተው ላስቲክ ይጎትታሉ። አንዲት እናት የሸራውን ጫፍ እጄ ላይ ጣሉልኝና «ያዝ፣ ልጄ!» አሉኝ። እኔ በዚህ በኩል፣ የእህቴ ልጅ በዚያ በኩል፣ አስጎብኚያችንና ሹፌሩ በሌላው አልጋ፣ ሁላችንም እየሳብን ሸፈንን፤ ንፋሱ እንዳይገልጠው በዳርና ዳር ድንጋይ ጫንንበት።

ዝናቡ ጋብ ሲል እኚያ እናት ሸራውን ገለጥ አድርገው አሳዩን። የመጀመሪያው አልጋ የትናንት ለቀማ ነው፤ ደም መስሎ ይቀላል። ቀጥሎ ያለው ጥቂት ቀናት የቆየ ነው፤ ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል። ሦስተኛው ቡናማ ሆኖ ተጨማዷል። መጨረሻው ጠቁሮ ጀንፈል ሆኗል፤ በእጃቸው አንሥተው ጆሮዬ ላይ ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ተንኳኳ። እዚህ ለመድረስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀን ቀን በእጅ ይገላበጣል፣ ያልበሰለውና የተጎዳው ይለቀማል፣ ማታ ይሸፈናል። አንድ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ ዋጋውም ይወድቃል። የእህቴ ልጅ አልጋዎቹን ከዳር እስከ ዳር አየችና «ይኸው ተራራችን!» አለች።

ቤት አስገቡን። ልብሳችን እስኪደርቅ እሳት ዳር ተቀምጠን ጎዳሬ ቀረበልን፤ ቡናው በጨው ነበር። ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ ወሬው ስለ ቡና ነው። የቤቱ አባወራ ጓሯቸው ያለውን ቡና በቁጥር ነው የሚጠሩት፦ 74110፣ 74112። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገባ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ረገፈ። በ1967 እ.ኤ.አ. መልኮ ላይ የተቋቋመው የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ጫካ ውስጥ ነው። በሽታው ዙሪያውን ሲፈጅ እነሱን ሳይነካቸው የቆሙትን ዛፎች እየመረጡ ዘራቸውን አባዙ፤ ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 የተመረጡበት ዓመት (1974 እ.ኤ.አ.) ነው። እነዚህ ሁለቱ ከኢሉባቦር የተገኙ ናቸው። አባወራው ይህን ሲጨርሱ በእጃቸው ወደ በለጤ ጠቆሙ። «ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ ዘሩን የምናመጣው ከየት ነው? ከዚያው አይደለም?» አሉ።

ይህ የአንድ መንደር ጉዳይ አይደለም። ዓለም የሚጠጣው አረቢካ ቡና ዘሩ የተገኘው ከእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ነው። የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ያለው የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። በወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ ጫካውን ካልጠበቀ፣ ብራዚልም ኮሎምቢያም ያለው ገበሬ በሽታ ሲገጥመው ወዴት ዞሮ ያያል?

ሲመሽ የመንደሩ ወጣቶች ገመድና አካፋ ይዘው ወረዱ። ጎማው ሥር ቅጠልና ድንጋይ ጎዘጎዙ፤ ግማሹ ከፊት እየሳበ፣ ግማሹ ከኋላ እየገፋ ሚኒባሱን አወጡት። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ። መሪያችን እጄን ያዘኝና «ጋሼ፣ ለኛ በነፍስ ወከፍ አትስጡ፤ ለማኅበሩ ይሁን» አለኝ። ከዚያ ከመንደሩ ሰዎች አንዱ ጠርዙ የተጣጠፈ የደረሰኝ ጥራዝ አመጣ፤ ካርቦኑን አስተካክሎ ስሜንና ገንዘቡን ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማኅተም መታበት። «በዚህ የጥበቃ ተረኞች ጫማና የዝናብ ልብስ እንገዛለን» አለ።

ያን ጊዜ ነው ሆዴን የበላኝ። ለዚያ ቀን ጉዞ የከፈልነው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። መንደሩ ግን የኛን መምጣት እንኳ አልሰማም ነበር፤ ፕሮግራሙ ላይ «የቡና ገበሬዎች መንደር» ተብሎ ከመጻፉ በቀር የደረሰው ነገር የለም። የእህቴ ልጅ በመልስ ጉዞ፣ በጨለማው በለጤን ስናልፍ፣ የፔሩን ነገር አነሣች። እዚያ ተራራው የቆመበት ማኅበረሰብ ገንዘቡን በር ላይ ራሱ ይሰበስባል፤ ፈረሱን የሚስበውም፣ ምግብ የሚያቀርበውም የመንደሩ ሰው ነው።

እኔ ደግሞ ሸቤ ከዚያ የበለጠ ይገባታል እላለሁ። የቪኒኩንካን ቀለም የሠራው ማዕድን ነው፤ ሰው ኖረም አልኖረም እዚያው ይቆያል። የሸቤ ቀለም ግን ሰው በየዓመቱ የሚሠራው ነው። አረንጓዴው ያለው ዛፍ የማይቆርጥ፣ ሌሊት ተራ ገብቶ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነው። ቀዩ ያለው አንዲት አንዲት ፍሬ መርጦ የሚለቅም፣ ዝናብ ሲመጣ ምሳውን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ስላለ ነው። ያ ሰው ጫካውን አርሶ በቆሎ ቢዘራ ይሻለኛል ያለ ቀን ቀለሙም፣ ጉሬዛውም፣ የነገው የቡና ዘርም አብረው ይሄዳሉ። ለማየት የሄደ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ከሚኒባሱ ባለቤት አልፎ እሱ ዘንድ መድረስ አለበት።

ጅማ ላይ ጉብኝት የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ጅሬንን እናንተ አስጎብኙ፤ በለጤንና ሸቤን ግን የበለጤና የሸቤ ልጅ ያስጎብኝ፤ ድርሻውም ከዋጋው ላይ ቀድሞ ይቆረጥለት። ለመንደሩ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፤ ለቀማው በደመቀበት ሰሞን ማን ቤት ቡና እንደሚፈላ፣ የትኛው መንገድ መኪና እንደሚያስገባ እነሱ ያውቃሉ። የምንሄደውም እንጠይቅ፤ የማኅበሩን ደረሰኝ ሳናይ ኪሳችንን አንዝጋ።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ኅዳር ጓደኞቿን ይዛ ልትመጣ ነው። ከመሪያችን ጋር በስልክ ተነጋግረናል፤ ፕሮግራሙን የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሂሳቡም በማኅበሩ ደረሰኝ ይሆናል።