አክሰፕት ይበሉና ይገላገሉ

እንኳን ደስ አለዎት፤ ሊንክድኢን ከፍተዋል። ወይም ሊከፍቱ እያሰቡ ነው። ወይም ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ከፍተው ረስተውታል፤ እሱ ግን አልረሳዎትም። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን አይደንግጡ። በዚህ የሥራ ሰዎች መተዋወቂያ መድረክ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል፤ ብቻዎን አይደሉም። ከእንግዲህ ብቻዎን መሆን ቢያምርዎት እንኳ የሚሳካልዎት አይመስለኝም። ቀስ እያልን እንሂድ።

በመጀመሪያ ማዕረግ ይያዙ። ከስምዎ ሥር 220 ሆሄ የሚይዝ ቦታ አለ። እዚያ ላይ «የሒሳብ ሠራተኛ» ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ሰው ሥራዎን ወዲያው ይረዳና ያልፍዎታል። «የፋይናንስ ስትራቴጂስት፣ የለውጥ መሪ፣ አነቃቂ ተናጋሪ» ይበሉ። ሥራ የለዎትም? ይህማ ቀላል ነው፤ መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይሁኑ። የምን መሥራች የሚለው ቀስ ብሎ ይደረስበታል። እዚህ ድርጅት ለማቋቋም የንግድ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ቲን ነምበር አይጠየቅም፤ የቢሮ ኪራይ ውል አይጠየቅም፤ የገቢዎች ሰውም አይመጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ጠፋ እያሉ የሚያማርሩት፣ አንዳንዴ ሳስበው፣ ሰዉ ሁሉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖባቸው ነው።

ፎቶ ያስፈልግዎታል። ሚዜ የሆኑ ጊዜ የለበሱት ሱፍ አለ አይደል? እሱን ይጠቀሙ። ትከሻዎ ላይ ያረፈውን የሙሽራውን እጅ ቆርጠው ያውጡት። ጣቶቹ ትንሽ ቢቀሩ ግድ የለም፤ የቡድን ሥራ እንደሚወዱ ያሳያሉ።

ቀጥሎ በትሕትና አንድ ነገር ይጠየቃሉ፦ «የሚያውቋቸውን ሰዎች አድራሻ እንድናይ ይፈቅዳሉ?» ይፍቀዱ። አከራይዎ፣ ቧንቧ የሠራልዎት ሰው፣ ድሮ የተለያዩት እጮኛዎ፣ አንድ ጊዜ አቤቱታ ጽፈውለት መልስ ያልሰጠዎት ቢሮ፣ ሁሉም ተሰልፈው ይቀርቡልዎታል። «ሁሉንም ጋብዝ» ይበሉ። መምረጥ ጊዜ ይፈጃል።

በዚህ ላይ ኩባንያው የቆየ ልምድ አለው። ቀድሞ ግብዣው መልስ ያላገኘ እንደሆነ በጋባዡ ስም ማስታወሻ ይላክ ነበር፤ አንድ ብቻም አይደለም፣ ሁለት። ይህ ደግነት ያልገባቸው ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ዳኛዋ በፈረንጆቹ 2014 ነገሩን መረመሩና፣ ሰዎቹ ለመጀመሪያው ግብዣ ፈቅደዋል፣ ለሁለቱ ማስታወሻዎች ግን አልፈቀዱም የሚለው ክርክር እንዲቀጥል ፈቀዱ። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2015 በ13 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። እርስዎ ከዚህ የሚማሩት ግልጽ ነው። ሰው ዝም ካለዎት አልሰማም ማለት ነው። ደግመው ይጠይቁት። ከዚያም ይሠልሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጠዋት ስልክዎን ሲከፍቱ ግብዣዎች ተደርድረው ይጠብቁዎታል። አንደኛው የኢንሹራንስ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ዱባይ የምትኖር የወርቅና የክሪፕቶ አማካሪ ናት፤ ፎቶዋ ያማረ ነው፣ የተማረችበት አልተጻፈም፣ ከማንም ጋር ገና አልተዋወቀችም። ከዓለም ሕዝብ መካከል አስቀድማ እርስዎን መምረጧ ሊያኮራዎት ይገባል። ሦስተኛው የሕይወት አሠልጣኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ስለ ኑሮ የማያውቀው የለም። አራተኛው ቢሮ ውስጥ ከእርስዎ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ባልደረባዎ ነው። ሦስቱን አሁኑኑ አክሰፕት ያድርጉ። አራተኛው ይቆይ፤ የትም አይሄድም።

እምቢ የሚባልበት አዝራርም አለ። አይንኩት። ቢነኩት ለላኪው አይነገረውም። አይቀየምም፣ አያፍርም፣ ሽማግሌም አይልክብዎትም። ማንም የማያውቀው እምቢታ ምን ይጠቅማል? እሺታዎ ግን በዚያችው ቅጽበት ይነገረዋል። በደቂቃ ውስጥም ደስታውን ይገልጽልዎታል፦ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል። በዚህ ሳምንት 15 ደቂቃ ይኖርዎታል?» ይኖርዎታል። አንዲት አዝራር መከልከል ያልቻለ ሰው 15 ደቂቃ ሊከለክል አይገባውም፤ ጠባይ እንደመለወጥ ይቆጠራል።

መልእክቱ ላይ ስምዎ ጎደሎ ሆኖ ቢመጣ አይከፉ። ወላጆችዎ ገብረ ሥላሴ ብለው አውጥተውልዎት እንደሆነ «ሰላም ገብረ» ይልዎታል። ወለተ ማርያም ከሆኑ ደግሞ «ክቡር ወለተ» ይሆናሉ። ማሽኑ ክፍት ቦታ ሲያይ ይቆርጣል እንጂ ክፋት የለበትም። ለሽያጭ ግማሽ ስም ይበቃል።

ስለ መልስ አሰጣጥ ትንሽ ልቆይ፤ ጨዋ ሰው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነውና። ሳይተዋወቁ መልእክት የሚላክበት፣ ላኪው የሚከፍልበት መንገድ አለ፤ ኢንሜይል ይሉታል። ላኪው በየወሩ ተቆጥራ የምትሰጠው ድርሻ አለችው። እርስዎ ዝም ካሉት ድርሻው ባክና ትቀራለች። በ90 ቀን ውስጥ ከመለሱለት ግን ትመለስለታለች። መልሱ «አልፈልግም» ቢሆንም ትመለስለታለች። ስለዚህ እባክዎ ሁልጊዜ ይመልሱ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለጊዜው አያስፈልገኝም» ብለው በወጉ ይጻፉ። እሱም በተመለሰችለት ድርሻ ለእህትዎ ይጽፍላታል። እህትዎም እንደርስዎ በወግ ያደገች ናትና ትመልስለታለች። እንዲህ እያለ አንድ ሻጭ በአንድ ቤተሰብ ጨዋነት ብቻ ዓመቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። ዝም የሚሉት ባለጌዎች ናቸው የሚያስከፍሉት።

የሚያውቁት ሰው ቁጥር 500 እስኪያልፍ አይረፉ። እስከዚያ ድረስ ቁጥሩ በትክክል ይጻፍብዎታል፤ 137 ሰው ብቻ እንደሚያውቁ አገር ያነበዋል። ከ500 በላይ ሲሆን ግን መቁጠሩ ይቆምና የመደመር ምልክት ይደረግልዎታል። ከዚያ በኋላ እስከ 30,000 ድረስ መሄድ ይችላሉ፤ ከዚህ በላይ አይፈቀድም፣ ወዳጅነቱ ጥልቀት እንዳያጣ ይሆናል። ለ30,000ዎቹ አንድ አንድ ደቂቃ ሰጥተው «ደህና ሰነበቱ?» ቢሉ 500 ሰዓት ይፈጅብዎታል፤ ሳይተኙ ከ20 ቀን በላይ ማለት ነው። እድርዎ ይህን ያህል አባል የለውም። ያም ሆኖ ሲሞቱ የሚያውቀው እድሩ ነው፤ ሊንክድኢን በበኩሉ የሥራ ዘመንዎን ክብረ በዓል ለሁሉም እያስታወሰ «እንኳን አደረሰዎ» ያሰኝልዎታል።

ምስክርነት አይሰስቱ። አንድ የማያውቁት ሰው «የአመራር ችሎታ አለው» ብሎ ይመሰክርልዎታል። እርስዎም ለ«ድርድር» ችሎታው ይመስክሩለት። ሲደራደር አይቼው አላውቅም ይሉ ይሆናል። እሱስ እርስዎ ሲመሩ የት አየዎት? ይህ አዝራር በፈረንጆቹ 2012 የመጣ ነው፤ መሐላ የለበትም። በዚያው ዓመት የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ተሰርቆ ነበር። መጀመሪያ 6.5 ሚሊዮን ተባለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ለሽያጭ ቀረበ። ሳይጋብዙም ሳይጋበዙም የገቡት ሌቦቹ ብቻ ናቸው። 15 ደቂቃም አልጠየቁም።

አንድ ቀን ደግሞ «ሰዎች ፕሮፋይልዎን አይተዋል» የሚል ማስታወቂያ ይደርስዎታል። ፊታቸው ደብዝዟል። ለማወቅ ፕሪሚየም መግባት ነው። የመጀመሪያው ወር ነፃ ነው፤ ካርድ ግን አስቀድሞ ይጠየቃል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌለዎት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን የአክስትዎን ልጅ ያስቸግሩ። መድኃኒት ላኪልኝ ለማለት አፍረው ቢሆንም ለዚህ አይፈሩ። ወሩ ሲያልቅ መሰረዙን ሁለታችሁም ትረሳላችሁ። ብዥታው ሲገለጥ የሚያገኟቸው ሰዎች እርስዎ ባለፈው ሳምንት ያዩዋቸው ናቸው። ማን ነው ያየኝ ብለው መጥተው ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ መስሎ እንዳይታይዎት። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2016 ሊንክድኢንን በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ግዢው ሲነገር 433 ሚሊዮን አባላት ነበሩት። ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው 60 ዶላር ገደማ ይወጣል። ያኔ አባል ከነበሩ እርስዎም 60 ዶላር ያወጣሉ ማለት ነው። ገንዘቡ አልደረሰኝም ብለው አይጠይቁ። ዕቃ ሲሸጥ ዋጋው ለዕቃው አይሰጥም።

ሥራውስ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አይቸኩሉ እንጂ። ድሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የክፍት ቦታ ማስታወቂያ በብዕር እየከበቡ የሚያነቡ ሰዎች ሥራ ፈላጊ ይባሉ ነበር። እርስዎ «ለአዳዲስ ዕድሎች ክፍት» ነዎት። የሚከበበው ማስታወቂያው ሳይሆን ፎቶዎ ነው፤ አረንጓዴ ቀለበት ያድርጉበት። ቀለበቱን አይተው ፈጥነው የሚመጡት ሲቪ እናሳምርልዎ የሚሉት ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ የሚያየው አለቃዎ ነው።

ሥራው የሚገኝበት ቀን ግን ይመጣል። አጎትዎ አብሮት ለተማረው ሰው ስልክ ይደውላል፤ ሰውየው «ሰኞ ይምጣ» ይላል፤ አለቀ። ሰኞ ይሂዱ። ማክሰኞ ይለጥፉ። «በታላቅ ትሕትና አበሥራለሁ» ብለው ይጀምሩ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው መስመር ላይ ያስቀምጡት። ያለፉበትን ውጣ ውረድ ይዘርዝሩ። ቀለበቱን፣ አሠልጣኙን፣ ለድርድር ችሎታው የመሰከሩለትን ሰው፣ በጠቅላላው ኔትወርክዎን ያመስግኑ። አጎትዎን አይጥቀሱ፤ ፕሮፋይል የለውም።

ከለጠፉ በኋላ አንድ የማያውቁት ልጅ ግብዣ ይልክልዎታል። ዘንድሮ የተመረቀ ነው። ምንም የሚሸጥ ነገር የለውም። እንዴት እንደተሳካልዎት ብቻ ይጠይቅዎታል። አክሰፕት ያድርጉት። «አይዞህ ወንድሜ፣ በርታ፣ ኔትወርክህን አስፋ» ብለው ይጻፉለት። የአጎትዎን ስልክ ግን አይስጡት።